ከሞቀው ክፍል ውጡ

(ወደ ቻይና ለሚሄዱ ተማሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው በተዘጋጀ የሽኝት ዝግጅት ላይ የተናገርኩት ነው። ከድምፅ ቅጂው ሲገለበጥ ድግግሞሹንም ወሬውንም ብዙ አልነካሁትም።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ?

ከኋላ ይሰማል? እሺ። እናቶች፣ አባቶች፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ተማሪዎች፣ እናንተም እንኳን ደስ አላችሁ። አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። እዚያ ጥግ የሚስቁት እኔን የሚያውቁኝ ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ። የብርዷ ከተማ ሀርቢን የደረሰው ማነው? እጅ አውጡ እስቲ። ሦስት፣ አራት... ስድስት። ቻንግቹን? ሼንያንግ? ጎበዞች። ዉሃን፣ ናንጂንግ፣ ሻንግሃይ? ኦ፣ ብዙ ናችሁ! አሁን እናንተ «እኛስ ከብርዱ ተርፈናል» ብላችሁ ዘና ብላችኋል። ቆዩ፣ ወደ እናንተም እመጣለሁ።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ውርጭ ባቄላውን ሲያጠቁረው እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ጋቢ ተከናንቤ ነው ትምህርት ቤት የሄድኩት። ስለዚህ በ2007 «ሀርቢን ደርሶሻል» ሲሉኝ፣ ሰው ሁሉ በስመአብ ሲል፣ እኔ «ኧረ ተዉኝ፣ ብርድ ለእኔ ብርቅ ነው እንዴ?» አልኩ። እናቴ ግን በወሬ የምትታለል ሴት አይደለችም። ያንን ወፍራሙን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ፣ ታውቁታላችሁ፣ አዲሱን ገዝታ ሻንጣዬ ውስጥ ጠቀጠቀችው። ኪሎው ስላለፈ ሌላ ነገር መቀነስ ነበረብን። ምን ቀነስን መሰላችሁ? ሽሮውን። ሁለት ኪሎ ሽሮ አውጥተን ብርድ ልብስ ከተትን!

መስከረም 2008 ያንን ተሸክሜ ቤጂንግ ወረድኩ፣ በሌሊት ባቡር ሀርቢን ገባሁ። አራት ዓመት ኖርኩ፤ አንድ ዓመት ቋንቋ፣ ሦስት ዓመት ማስተርስ። በአራት ዓመት ውስጥ ያንን ብርድ ልብስ ስንት ሌሊት ለብሼው የተኛሁ ይመስላችኋል?

አንድም ሌሊት። አንድም!

ለምን? ነገሬም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሦስት ነገር ነው የማወራው፦ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ጨለማው። አዎ፣ ስለ ብርዱ አላልኩም። ስለ ብርዱ ሁሉም ሰው ነግሯችኋል።

የመጀመሪያው ሙቀቱ። ሀርቢን ውስጥ ቤት ማሞቅ የባለቤቱ ሥራ አይደለም፣ የከተማው ነው። በትልልቅ ጣቢያዎች የሞቀው ውሃ ከመሬት በታች በቧንቧ እየሄደ በየቤቱ ግድግዳ በተገጠመ ብረት ውስጥ ይዞራል። ኑዋንጪ ይሉታል። ከጥቅምት 10 ገደማ ይለቀቃል፣ እስከ ሚያዝያ 12 ገደማ ይቆያል። ስድስት ወር፣ ሌት ተቀን! እኔ በነበርኩበት ማደሪያ ልክፈተው ልዝጋው የሚባል ነገር አልነበረም። ጥር ላይ ደጁ ከዜሮ በታች 25 ሆኖ የእኔ ክፍል 24 ነበር። በአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ የ49 ዲግሪ ልዩነት ማለት ነው። ሰው በካናቴራ ነው የሚቀመጠው። መስኮት ገርበብ አድርገን የተኛንበት ሌሊት ብዙ ነው። ታዲያ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ምን ይሥራ?

አሁን የዉሃንና የናንጂንግ ልጆች። በቻይና በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመጣ አንድ መስመር አለ፤ የቺንሊንግን ተራሮችና የኋይን ወንዝ ይከተላል። ከመስመሩ በስተሰሜን ያለው ከተማ ይህ የመንግሥት ማሞቂያ ይገባለታል፤ በስተደቡብ ያለው አይገባለትም ነበር፣ ዛሬም አብዛኛው ቤት የለውም። ዉሃን በስተደቡብ ናት። ናንጂንግ በስተደቡብ ናት። ሻንግሃይም። እዚያ ጥር ላይ ደጁ 3 ዲግሪ፣ ክፍሉም ከዚያ ብዙም አይሻል፤ ያውም እርጥብ የሆነ፣ አጥንት ውስጥ የሚገባ ቅዝቃዜ። ዉሃን የተማረች ጓደኛዬ ጓንት አድርጋ ነበር የምታጠናው። ስለዚህ እናቶች፣ ብርድ ልብሱን ለማን እንደምትገዙ አሁን አወቃችሁ።

ሙቀቱ ግን ችግርም አለው። አየሩን ያደርቀዋል። በመጀመሪያው ወር አፍንጫዬ ሦስቴ ነሰረኝ፣ ሞትኩ ብዬ ነበር። መፍትሔው ሳህን ውሃ ብረቱ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ወይም ፎጣ አርጥቦ ማንጠልጠል። የበር እጀታ ስትነኩም ይነዝራችኋል። አትደንግጡ፣ ከድርቀቱ ነው።

ስለ ሙቀት ካነሳሁ የሊጤን ነገር ሳልናገር አላልፍም። የጤፍ ዱቄት ይዤ ሄጄ ነበር። እዚህ ሦስት ቀን ይፈጃል ብዬ አቦካሁና ማስቀመጫውን ከብረቱ አጠገብ አድርጌ ተውኩት፤ በማግስቱ ከትምህርት ስመለስ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ክዳኑን ገፍቶ፣ ወለሉን አልፎ የክፍል ጓደኛዬ ጫማ ውስጥ ገብቷል። የካዛኪስታን ልጅ ናት፣ ንጹሕ ነጭ ጫማ! ኮሪደሩ በሙሉ ሸትቷል። የማደሪያው ኃላፊ፣ አዪ ነው የምንላቸው፣ እትዬ እንደማለት ነው፣ አፍንጫቸውን ይዘው መጡና «ምንድነው የሞተው?» አሉ። በዚያ በተሰባበረ ቻይንኛዬ ምግብ ነው አልኳቸው። አላመኑም። ማታ የተረፈውን በመጥበሻ ጋግሬ አንድ ቁራሽ ሰጠኋቸው። ቀመሱ፣ ዝም አሉ፣ ከዚያ «ሱዋን!» አሉ። ኮምጣጣ ማለት ነው። «እንደኛ ጎመን!» የዚያ አገር ሰው በመከር ጎመኑን በጋን እያኮመጠጠ ለብርዱ ወራት ያስቀምጣል። ለካ ኮምጣጣ የሚወድ ሕዝብ ውስጥ ነው የገባሁት! ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና አዪ ወዳጅ ሆንን። እሳቸውን ያዙልኝ፣ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ልብስ። እዚህ ላይ አጥብቄ ልናገር፦ ጃኬትና ቦት ጫማ ከአዲስ አበባ አትግዙ። ደግሜ ልበል? ከአዲስ አበባ አትግዙ! እኔ ከዚሁ የገዛሁት ቆንጆ የቆዳ ቦት ነበረኝ። ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ ከዜሮ በታች 26 በሆነ ጠዋት፣ መንገድ ስሻገር እግሬ ሥር ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ለሁለት ተሰብሯል። ፕላስቲኩ እዚህ ይተጣጠፋል፤ እዚያ ብርዱ ሸክላ ያደርገዋል። በረዶው በስንጥቁ እየገባ ክፍል ደረስኩ። ጣቶቼ አሉ ወይስ የሉም? እጄን ልኬ ቆጠርኳቸው።

የዚያን ዕለት ማታ አንዲት ቻይናዊት ተማሪ ከመሬት በታች ወዳለ ገበያ ወሰደችኝ። ሀርቢን ውስጥ በመንገዱ ሥር ረጃጅም የገበያ ዋሻዎች አሉ፤ ሰው ከብርዱ ተጠልሎ የሚገበያይበት። ያቺን እዚህ ወንበር ላይ የምታዩዋትን ጥቁር ጃኬት በ380 ዩዋን ገዛሁ። ዩሮንግፉ ትባላለች፣ ውስጧ የዳክዬ ላባ ነው፣ እስከ ጉልበት ትደርሳለች። ወርኃዊው የማስተርስ ኪስ ገንዘብ 3000 ዩዋን ስለነበር አልጎዳኝም። ግን የመጀመሪያው ክፍያ ሊዘገይ ስለሚችል የአንድ ወር ወጪ በእጃችሁ ያዙ።

አለባበሱስ? ልብስ አያሞቅም። የሚያሞቀው የራሳችሁ ገላ ነው፤ ልብስ ያንን ሙቀት እንዳይሄድ ይይዘዋል፤ የሚይዘውም በድርብርቡ መሀል ያለው አየር ነው። ጋቢ ለምን አራት ድርብ ሆነ? ለዚሁ ነው! አባቶቻችን ያውቁታል። ስለዚህ አንድ የሚያጣብቅ ወፍራም ነገር ከመልበስ ሦስት ላላ ያለ ይሻላል። ከሥር ጪዩኩ የሚሉት ሙታንታ አለ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ። እሱን አለመልበስ እዚያ አገር እንደ ድፍረት ነው የሚቆጠረው፤ የማታውቁት አሮጊት አውቶቡስ ላይ «ጪዩኩ ለብሰሻል?» ብላ ትጠይቃችኋለች፣ እውነቴን ነው። ጂንስ ብቻውን ምንም አያድንም።

ትንንሽ ነገሮች ደግሞ በፍጥነት። ሴቶች፣ ፀጉራችሁን ታጥባችሁ ሳይደርቅ አትውጡ፤ ሹሩባዬ እንደ ጭራሮ ደርቆ ያውቃል። ስልካችሁን ከውስጥ ኪስ፣ ወደ ደረት አስጠጉት፤ በውጭ ኪስ ከሆነ 60 ፐርሰንት እያለው ይጠፋል። ብረት በባዶ እጅ አትንኩ። ስትራመዱ እንደ ዳክዬ፣ አጠር አጠር አድርጋችሁ፣ እጅ ከኪስ ወጥቶ። በአንድ ቀን ሦስቴ ወድቄ አውቃለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ሰዎቹ አጨበጨቡልኝ።

ውበትም አለው እኮ። ገበያ ሂዱ፤ ዓሣው ደጅ ላይ እንደ ማገዶ ተከምሮ ይሸጣል። አይስክሬም በካርቶን መንገድ ላይ ተዘርግፎ ይሸጣል፣ ፍሪጅ ምን ያደርጋል? ዦንግያንግ ጎዳና የሚባል በድንጋይ የተነጠፈ የድሮ መንገድ አለ፤ ሰው ከዜሮ በታች 20 ላይ አይስክሬም እየላሰ ይንሸራሸርበታል። ታኅሣሥ ላይ ሠራተኞች ከሶንግኋ ወንዝ በረዶውን እንደ ጥርብ ድንጋይ እየቆረጡ ያወጡና ቤተ መንግሥትና ግንብ ይሠሩበታል። የበረዶው በዓል በአብዛኛው የሚከፈተው ጃንዋሪ 5 ነው፤ ለእኛ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው። የገናን ዋዜማ ባለቀለም መብራት በሚበራበት የበረዶ ግንብ ሥር ያሳለፈ ሰው ከፊታችሁ ቆሟል።

ጾመኞች፣ ስለ ምግብ አንድ ቃል ብቻ ያዙ፦ «ዎ ቺ ሱ»። የእንስሳ ነገር አልበላም ማለት ነው፤ የቡድሃ አማኞች የሚሉት ነው፤ ወዲያው ይገባቸዋል። ደግሞ ምናሌ ላይ «ሮው»፣ ሥጋ፣ ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የአሳማ ነው። የበግ ወይም የበሬ ከሆነ ስሙ ይጠራል። ቋንጣና ቅቤ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፣ የሥጋና የወተት ነገር ማስገባት ክልክል ነው። በርበሬና ሽሮ ግን በደንብ! በብርድ ልብስ አትቀይሩት!

አሁን ሦስተኛው። ጨለማው። እዚህ ጋ ትንሽ ጸጥ በሉልኝ።

እኛ ሰዓት የምንቆጥረው በፀሐይ ነው። ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት፣ ስትገባ አሥራ ሁለት። ቻይና ሙሉ በቤጂንግ ሰዓት ነው የምትሄደው፤ ሀርቢን ደግሞ ከቤጂንግ በስተምሥራቅና በስተሰሜን ናት። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትገባው ከቀኑ 9 ሰዓት ከ50 ላይ ነው። ሰምታችኋል? ከቀኑ! አሥር ሰዓት ሳይሞላ! ከትምህርት ስትወጡ ጨልሟል። ለዚህ ወቅት ስም እንኳ የለንም። ክረምት ብንለው ክረምት ስንል የሚታየን ዝናብና የበቆሎ እሸት ነው፤ እዚያ ጠብታ ዝናብ የለም።

ጥር 2008 የቻይናውያን አዲስ ዓመት ሲቃረብ ትምህርት ተዘጋ። ሁሉም አገሩ ገባ። የካዛኪስታኗም ሄደች። እኔ ክፍሌ ቀረሁ። ክፍሉ ይሞቃል፣ ኢንተርኔት አለ፣ ፈጣን ኑድል አለ። ለምን ልውጣ? አንድ ቀን ቀረሁ። ሁለት ቀን ቀረሁ። መጋረጃውን አልከፈትኩም። እዚያ እኛን በአምስት ሰዓት ስለሚቀድሙ ሌሊቱን ከቤተሰብ ሳወራ አድራለሁ፣ ቀኑን እተኛለሁ፣ ስነቃ ጨልሟል። እናቴ «ብርዱ እንዴት ነው?» ትላለች፤ እኔ «አይጣል ነው» እላለሁ። ብርዱን መቼ አየሁትና! አሥራ አንድ ቀን እግሬ ከሕንፃው አልወጣም። ጥምቀት በዚያ ክፍል ውስጥ አለፈ። በዚያን ቀን ነጠላዬን አወጣሁና አይቼ መልሼ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩት። ምክንያቱን ሳላውቅ ማልቀስ ጀመርኩ። አንድ ጣቴን እንኳ አልበረደኝም እኮ! በ24 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ፣ በካናቴራ ተቀምጬ ነው ያለቀስኩት።

በር ተንኳኳ። አዪ ናቸው። በሳህን ጅያውዝ ይዘዋል፣ በሊጥ የተጠቀለለው። ውስጡን ሳልጠይቃቸው «ያንቺ በእንቁላልና በቅጠል ነው» አሉኝ፤ አሳማ እንደማልበላ ያውቃሉ። አስበሉኝና «ልበሺ» አሉ። ጪዩኩ ለበስኩ። ጃኬቱን ለበስኩ። «ሌላ ጨምሪ» አሉ። ጨመርኩ። በአውቶቡስ ወደ ሶንግኋ ወሰዱኝ።

ወንዙ መንገድ ሆኗል። ሕፃናት ወንበር በመሰለ መንሸራተቻ ይነዳሉ። ወዲያ በረዶው በአራት ማዕዘን ተቆርጦ ገንዳ ተሠርቷል፤ በኔ አባት ዕድሜ ያሉ ሰዎች ውስጡ ይዋኛሉ፤ እንፋሎት ከጀርባቸው ይወጣል። ቆሜ ሳይ ከሩቅ ጧ! የሚል ድምፅ መጣ። ጧ! ደግሞ ጧ! ደሜ ቀጥ አለ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ጅራፍ ነው! ነሐሴ ላይ፣ ቡሄ ሲቃረብ ወንድሞቼ መስኩ ላይ የሚያጮኹት ጅራፍ!

ሮጥኩ፤ እንደ ዳክዬ፣ ግን ሮጥኩ። ሽማግሌዎች በክብ ቆመው እንዝርት የመሰለ ትልቅ የእንጨት እሽክርክሪት በረዶው ላይ በጅራፍ እየገረፉ ያሽከረክሩታል። ጨዋታ ነው። አፌን ከፍቼ ስቆም አንደኛው ሽማግሌ ጅራፉን ዘረጉልኝ። እኔ ደግሞ በቡሄ ከወንዶቹ ጅራፍ ነጥቃ ስታጮኽ በእናቷ የተቆነጠጠች ልጅ ነኝ። እሽክርክሪቱን ተውኩት። ከራሴ በላይ አዙሬ፣ አዙሬ፣ ወደ ኋላ መለስኩት፦ ጧ! ድምፁ ከወዲያኛው ዳር ተመለሰ። «ሊሃይ!» አሉ ሁሉም ባንድ ላይ። ጀግና እንደማለት ነው። አዪ እንደ እናት ቀና ብለው ግራ ቀኙን አዩ፣ «የኔ ተማሪ ናት» እያሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሕግ አወጣሁ፦ በየቀኑ፣ ስንትም ዲግሪ ቢሆን፣ ፀሐይ ሳትገባ አንድ ሰዓት ደጅ። ፈተናም ቢሆን ደጅ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከተማዋ የገነነችው ሩሲያውያን ከ1898 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጉ ነው። የቅድስት ሶፍያን ቤተ ክርስቲያን እዚያ ታገኟታላችሁ፤ አረንጓዴ ጉልላት ያላት፣ አሁን ያለው ሕንፃ በ1932 (እ.ኤ.አ.) ያለቀ። ዛሬ አገልግሎት የላትም፣ የሚጎበኝ ቦታ ናት። እኔ ነጠላዬን ለብሼ ከውጭ ግድግዳዋን ስሳለም ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱ መጥተው እኔን ፎቶ አነሱኝ። ውስጥ የድሮ ፎቶዎች ተሰቅለው ነበር። አንዱ ላይ ሩሲያውያኑ ከሶንግኋ በረዶ ትልቅ መስቀል ቀርጸው፣ ካህናቱ ለብሰው፣ ሕዝቡ ወንዙን ሞልቶ ይታያል። ጥምቀት ነው። እኛ ወደ ጃን ሜዳ በምንወርድበት ሰሞን። ያ እኔ መጋረጃ ዘግቼ ያለቀስኩበት ቀን፣ ያው ወንዝ፣ ከክፍሌ አርባ ደቂቃ በአውቶቡስ!

ሁሉም ማር አይደለም፣ አልዋሻችሁም። በጥቁረቴ ምክንያት ሥራ የለም የተባልኩበት ቦታ ነበር። ለነገሩ ያለ ፈቃድ በተማሪ ቪዛ መሥራት ሕገወጥ ነው፤ ከሀገር ያስወጣል፤ አትሞክሩት። ታክሲ አይቶኝ ያለፈበት ምሽትም ነበር። ግን የሰሜን ምሥራቁ ሰው ድምፁ ጎላ ያለ፣ ፊት ለፊት የሚናገር፣ እንግዳ የሚወድ ነው። «ወፍረሻል» ይላችኋል። ደብረ ብርሃንም ይላል።

ወረቀት፦ ከሆቴል ውጭ ካረፋችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጋ መመዝገብ፣ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት። ማደሪያው ይረዳችኋል፣ ቀኑን ግን ራሳችሁ ቁጠሩ። ዊቻት ዛሬ ማታ የወላጆቻችሁ ስልክ ላይ ጫኑ፤ ዋትሳፕና ቴሌግራም እዚያ ዝግ ናቸው።

እናቶች፣ አባቶች፣ ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። ስትደውሉ «ብርዱ እንዴት ነው?» አትበሉ። እባካችሁ! «ዛሬ የት ወጣሽ? የት ወጣህ?» በሉ። መልሱ «የትም» ከሆነ ነገም ጠይቁ። ከነገ ወዲያም ጠይቁ።

ብርድ ልብሱን? ስመለስ ለአዪ ሰጠኋቸው። እኔ ሻንጣ ሳስር ልጃቸው ናንጂንግ ሥራ አግኝቶ ነበር፤ ለእሱ ላኩለት።

ሃያ ደቂቃው አልፏል መሰለኝ፣ ሰዓቱን የሚያሳየኝ ልጅ ተስፋ ቆርጧል። ቡናው ደርሷል። የሀርቢን ልጆች፣ ስድስታችሁም ወደዚህ ኑ፣ ጃኬቷን ልኩዋት። ቀስ ብላችሁ፣ የግራ ኪሷ ዚፕ ይነክሳል።